በተራራ ሆድ ውስጥ የተሰማ መርዶ

ጸሐይ ዓርብ ዓርብ ስልክ ስትደውል አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ሔት የሚባለው ሰፈር ያለው ሕንፃቸው በሙሉ ይሰማታል። ድምፅዋ ባሕር አቋርጦ ጎንደር የሚደርሰው በስልኩ ሳይሆን በገዛ ጉልበቷ ይመስላት ነበር። «ሐረጊትዬ! ኧረ ሐረጊቱ! ትሰሚኛለሽ ወይ?» ስትል፣ ከታች አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት የሩስያ ሽማግሌዎች ቀና ብለው ወደ መስኮቷ ያያሉ። ባሏ ቢምረው ደግሞ ከሶፋው ሳይነሣ፣ «ስልኩን ዝጊና በመስኮት ጥሪያት፤ እንዲያውም ጥርት ብሎ ይሰማታል» ይላታል። እሷም ጫማዋን ታነሣበታለች።

ሐረጊቱ ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው ስትሞት ጸሐይ ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች። አዝላ ያሳደገቻት፣ ፀጉሯን የሠራቻት፣ ኋላም ለቢምረው የዳረቻት ሐረጊቱ ናት። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል በተወሰዱበት ጉዞ ጸሐይና ቢምረው የሦስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወጡ ሐረጊቱ ቀረች። የባሏ ወገኖች በአያቶቻቸው ዘመን ሃይማኖት የለወጡ ስለ ነበሩ «እናንተ ቆዩ» ተባሉ። ያቺ «ቆዩ» የምትባል ቃል ዓመት እየጨመረች ሄደች። ባሏ ተራውን እንደ ጠበቀ ሞተ፤ ልጇ ጎረመሰ፤ ሐረጊቱ ግን ጎንደር ከተማ ውስጥ በኪራይ ቤት ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች።

ጸሐይ አሽዶድ ውስጥ፣ ሮቫ ዳሌት ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሥራዋ ላይ ዝም ማለት አይሆንላትም። መወልወያውን እየገፋች ታንጎራጉራለች፤ ልጆቹ እርጥቡን ወለል ሲረግጡባት በአማርኛ ትሳደባለች፤ ልጆቹም ስድቡን አጥንተው መልሰው ይሏታል። በዚያ ትምህርት ቤት «አንተ ሰላቢ» የማይል የሞሮኮ ልጅ አልነበረም።

አገር ቤት ዕንቁ ተብላ የነበረችው ልጇ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ ስሟ ተለውጦ ሳፒር ሆነች። አድጋ፣ ውትድርናዋን ጨርሳ፣ ዳቪድ ከሚባል ከሮቫ ዳሌት ልጅ ጋር ቃል ተሳሰረች። ሰርጉ መጀመሪያ የታሰበው በዚያ አገር ክረምት፣ በታኅሣሥ ነበር። በክረምቱ ግን ከጋዛ ሮኬት መጣ። ሳይረኑ ሲጮህ ሰዉ ወደ መጠለያ ይወርዳል፣ አዳራሾች ተዘጉ፣ ዳቪድም ለሠራዊት ተጠራ። ሰርጉ ቀረ። በዚያ ሰሞን ደዋይዋ ሐረጊቱ ነበረች። «ልጄ፣ ሞትሽን ከሚያሰማኝ እኔን ያስቀድመኝ» እያለች ታለቅሳለች። ጸሐይም መጠለያው ውስጥ ከጎረቤት ተጨናንቃ፣ «ምን ሆንኩ ብለሽ ነው! እዚህ ተቀምጠን ፍሬ እየቆረጠምን ነው» ትላታለች።

ሰርጉ በነሐሴ፣ የአቭ የሚባለው የአይሁድ ጾም ካለፈ በኋላ እንዲሆን እንደገና ተቆረጠ። በዚህ መካከል የዳቪድ አባት በጠና ታመመ። ሐኪሞቹ ብዙ ተስፋ አልሰጡም። «የልጄን ጫጉላ አይቼ ልሙት» የሚለው ቃሉ በሁለቱም ቤት ስለ ተሰማ፣ ዳግመኛ ቀን ስለ መለወጥ የሚያነሣ ሰው አልነበረም።

ትምህርት ሲዘጋ የጽዳትና የኩሽና ሴቶች እንደየዓመቱ ለሽርሽር ተሰበሰቡ። የዚያ ዓመት ጉዞ ወደ ሐይፋ ነበር። የምታስተዳድራቸው ሺፍራ የምትባል፣ ራሷን ሁልጊዜ በሻሽ የምትጠቀልል፣ ድምፀ ጎርናና የሞሮኮ ሴት ናት። አውቶቡሱ ውስጥ አንዷ የወይን ጭማቂ ስታድል እጇ ተንሸራቶ የጸሐይ ነጭ ሻሽ ላይ ደፋችው። ሺፍራ ከቦርሳዋ ትርፍ ሻሽ አውጥታ ወረወረችላት። ጥቁር ነበር። ጸሐይ ትንሽ አመነታች። ልጇን ልትድር ሽር ጉድ የምትል እናት ራሷ ላይ ጥቁር? ግን ሺፍራ በቅንነት ሰጥታት እንዴት «አልፈልግም» ትበል? እንዲያው ለዛሬ ነው ብላ አሰረችው።

ተራራው ላይ ወጥተው ቁልቁል ሲያዩ ሐይፋ እግራቸው ሥር ተዘረጋች። የባሃኢዎቹ ቤተ መቅደስ ወርቃማ ጉልላት፣ ደረጃ በደረጃ የወረደው የአበባ ቦታ፣ ወደቡ፣ የቆሙት መርከቦች። ጸሐይ እንደ አሽዶድ ሜዳ ለጥ ያለ ከተማ ለምዳ ስለ ነበር ይህን ስታይ ደምቢያን ከጎርጎራ በላይ ሆና እንደምታይ ሆነባት። «ሐረጊቱ ስትመጣ እዚህ አመጣታለሁ» አለች ለሺፍራ።

«ዓመት ሙሉ ሐረጊቱ ሐረጊቱ!» አለች ሺፍራ እየሳቀች። «ስትመጣ እኔ ነኝ ሁለታችሁንም ዝም በሉ የምለው።»

ከዚያ በኋላ በካርሜሊት መውረድ ነበረባቸው። ካርሜሊት በተራራው ሆድ ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል የሚመላለስ የምድር ውስጥ ባቡር ነው። አውቶቡሱ ታች ወደቡ አጠገብ ይጠብቃቸዋል። የጣቢያው በር እናት ፓርክ ከሚሉት የአትክልት ቦታ አጠገብ ነው፤ ከዛፉና ከልጆች ጫጫታ መሃል ደረጃው ወደ ጨለማ ይገባል። የአሽዶድ ሴቶች በዚያ ዓመት ከመሬት በታች የገቡት ለሮኬት ብቻ ስለ ነበር በሩ ላይ ሲደርሱ ሁሉም እኩል ሳቁ። «ሳይረን ሳይጮህ ስንወርድ የመጀመሪያችን ነው!» አለች ከኩሽናዎቹ አንዷ።

በሩ ላይ ቦርሳ የሚፈትሽ ዘበኛ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ የአገሯ ልጅ ነው። ሴቶቹ አለፉ። ጸሐይ ቦርሳዋን ከፍታ ስታሳየው በአማርኛ ሰላም አላት።

«እንደምን ዋሉ እትዬ? ከየት መጡ?»

«እግዜር ይመስገን። ከአሽዶድ።»

«አገር ቤትስ?»

«ደምቢያ።»

«ኧረ በሉ! እኔም ደምቢያ ነኝ። ንጉሴ እባላለሁ። የማን ልጅ ነዎት?»

ይህ ጥያቄ ከተነሣ ባቡርም ይሁን ንጉሥ ይጠብቃል። ጸሐይ ቦርሳዋን እንደ ከፈተች አባቷን ጠራች፤ አያቷን ጠራች፤ ቀጥላም የቅድመ አያቷን ወንድም ጠራች። ሺፍራ ከታች፣ «ጸሐይ! ባቡሩ መጣ!» ብላ ጮኸች። «ሂዱ፣ በሚቀጥለው እደርሳለሁ!» አለቻት።

ንጉሴ ግን ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። ዓይኑ ራሷ ላይ ካለው ጥቁር ሻሽ ላይ አረፈ። ቆቡን አወለቀ።

«እንግዲያው ሐረጊቱ እህትዎ ናት?»

«ታላቄ ናት! ታውቃታለህ?»

መፈተሻ መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሁለት እጇን ያዘ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት እትዬ። ከፔሳሕ በዓል በፊት ዘመድ ልጠይቅ ጎንደር ሄጄ ቀብሯ ላይ ደርሻለሁ። የሰዉ ብዛት! ያላለቀሰ አልነበረም። እንዲህ ያለች ሴት…»

ጸሐይ አሁንም ፈገግ እንዳለች ነበረች። ወሬው ጆሮዋ ገብቶ ፊቷ ላይ ገና አልደረሰም። «የማን ቀብር?» አለች።

ንጉሴ የያዘውን እጇን ጠበቅ አደረገ።

«የማን ቀብር ነው የምትለው አንተ ልጅ?»

እጇን ለቀቀ። አንዴ ሻሹን፣ አንዴ ፊቷን አየ። «ጥቁር… ጥቁር አስረው ሳይ… ሰምተዋል ብዬ…» ከዚያ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ወይኔ! ወይኔ ልጁ! ምን አደረግሁ!»

ጸሐይ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራታ እደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ጮኼ ነበር ትላለች ኋላ ስታስበው፤ ነገር ግን አልጮኸችም። አፏ ተከፍቶ ድምፅ አልወጣም። ያ ጎንደር ድረስ ይደርሳል የተባለው ድምፅ ከአንድ የጣቢያ በር አላልፍ አለ። ከንጉሴ ኋላ አንድ ሽማግሌ ቦርሳውን ከፍቶ በዕብራይስጥ፣ «ቶሎ በል እንጂ! አታየውም እንዴ!» ይላል። ንጉሴ የሽማግሌውን ቲማቲም ነካክቶ አሳለፈው። ሌላም መጣ፤ እሱንም አሳለፈ። ከዚያ ወርዶ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«እትዬ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ። መርዶ እንዲህ ይነገራል? ሽማግሌ ሳይሰበሰብ፣ የሚይዝዎት ሰው ሳይኖር፣ ቆሜ፣ ሰው በሚጋፋበት በር ላይ! ሰው አይበሉኝ እኔን።»

«ምን ሆና?» አለች። ሹክሹክታ ነበር።

«ልቧ ነው አሉ። ከምኩራብ ስትመለስ ደጃፏ ላይ ወደቀች። አልተሠቃየችም።»

«ከፔሳሕ በፊት?»

«አዎ።»

ከፔሳሕ በፊት፤ ፋሲካቸው ካለፈ ወራት ሆኖታል። ጸሐይ የደወለችባቸውን ዓርቦች አሰበች። የእህቷ ልጅ ነበር የሚያነሣው። «እማ ገበያ ናት።» «እማ ወደ ደምቢያ ወርዳለች፣ እዚያ መስመር የለም።» «እማ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል።» እሷም፣ «ዝንጅብል አፍልተህ ስጣት» ብላ ስትጮህ ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል። ቢምረውም ሶፋው ላይ ነበር። ያን ጊዜ ነው ክው ያለችው፤ ከሞቱ ይልቅ ይህ ደረቷን መታት። ቢምረው ከፔሳሕ ወዲህ «በመስኮት ጥሪያት» ብሎ አያውቅም። ዓርብ ስልኩን ስታነሣ ቆሻሻ ሊጥል ይወጣ ነበር። ቤት ውስጥ ቆሻሻ ሳይኖር።

ሁሉም ያውቃሉ ማለት ነው። ሰርግ ለቆረጠች እናት መርዶ አይነገርም፤ እሷም ራሷ ለሌሎች ስንት ጊዜ ደብቃለች። ለጎረቤቷ ለአሰለች የወንድሟን ሞት የልጇ ሰርግ እስኪያልፍ ከደበቁት ሴቶች አንዷ ጸሐይ ነበረች። ዓይኗ እያየ ከአሰለች ጋር ስትስቅ ከርማለች። እንደዚያ ሲሳቅባት መክረሟን አሁን ለራሷ ማመን አቃታት።

«ሰርግ አለብኝ» አለች ለንጉሴ። «የልጄ። የሙሽራው አባት ሊሞት ነው። አውቄአለሁ ካልኩ ሐዘን መቀመጥ አለብኝ፤ ሐዘን ከተቀመጥኩ ሰርጉ ይፈርሳል።»

«እትዬ፣ እኔ…»

«አንተ አላየኸኝም። እኔም አላየሁህም። ገባህ?»

ንጉሴ ጉልበቷን ሳመ። ክንዷን ደግፎ አወረዳት። የጣቢያው መድረክ ራሱ እንደ ደረጃ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ ባቡሩም እንደዚያው ደረጃ የተሠራ። አስገባት። በሩ ሲዘጋ ደረቱን እየደቃ ሲቀር አየችው።

ባቡሩ ወደ ተራራው ሆድ ገባ። መስኮቱ ላይ ጨለማና የራሷ ፊት ብቻ ነበር። ያ ፊት ጥቁር አስሯል። ሻሹን ከራሷ ላይ ነጠቀች። ጣቢያ መጣ፣ መብራት መጣ፣ አንድ ተማሪ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ ወጣ፣ እንደገና ጨለማ። ጣቢያው ባልደረሰ ብላ ተመኘች። እዚህ ውስጥ፣ ዓለት በላይዋ ተጭኖ ሳለ፣ ሐረጊቱም አልሞተችም፣ ሰርግም የለም። ታች ሲደርስ ግን በሩ ተከፈተ፤ ሴቶቹም በአንድነት አጨበጨቡ።

«መጣች! ሙሽሪት መጣች!» አለች የኩሽናዋ።

«ቢምረው ይስማ! ጸሐይ ሐይፋ ላይ ዘበኛ ወሸመች!» አለች ሌላዋ።

«መልከ መልካም ነው እኮ፣ አይቼዋለሁ» አለች ሺፍራ።

ጸሐይ ሳቀች። ሳቁ ከየት እንደ መጣ አታውቅም። እስከ አሽዶድ ድረስ ሲዘፍኑ አብራ አጨበጨበች፤ አንዲት ሴት ብቻ፣ «ምነው እጅሽ በረዶ ሆነ?» አለቻት።

ቤት ስትደርስ ቢምረው ሰላጣ እየከተፈ ነበር። «ጥዩሉ እንዴት ነበር?» አላት ስለ ሽርሽሩ።

«ደኅና ነው። ሐይፋን ለሐረጊቱ ማሳየት አለብን።» እያየችው ነው። ቢላዋው አፍታ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ።

«እናሳያታለን» አለ። «ስትመጣ በባቡር እንወስዳታለን።»

ጸሐይ ደነገጠች። ይህ ሰው ኪያር ሲገዛ እንኳ መከራከር የማይችል፣ ውሸት ሲናገር ጆሮው የሚቀላ ሰው ነበር። አሁን ጆሮው አልቀላም። ይህን ማን አስተማረው? ሳፒርም ከክፍሏ ወጥታ፣ «ኢማ፣ ዶዳ ሐረጊቱ ለሰርጉ አትደርስም አይደል?» አለች፤ እናቷንም አክስቷንም በዕብራይስጥ ነው የምትጠራው። ጸሐይ የልጇን ፊት ፈተሸች። ልጅቷ አታውቅም። ንጹሕ ነው ፊቷ። «አትደርስም ልጄ» አለቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማልቀሻ ቦታዋ ባሕሩ ሆነ። ከሥራ በፊት፣ የሩስያ አሮጊቶች ባርኔጣ አድርገው በሚዋኙበት ሰዓት፣ ወደ ዳርቻው ወርዳ እስከ ወገቧ ትገባለች። ማዕበሉ ሲሰበር በድምፁ ውስጥ የራሷን ድምፅ ትለቀዋለች። አንዷ አሮጊት ብቻ አይታ በተሰባበረ ዕብራይስጥ፣ «ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ አይደል?» አለቻት። ስትመለስ ፊቷ ያበጠ እንደሆነ ጨው ነው ትላለች። ቢምረው አይጠይቅም። እሱም አንዳንድ ቀን ቆሻሻ ሊጥል ወጥቶ ዓይኑ ቀልቶ ይመለሳል። አቧራ ነው ይላል። ሁለቱም ራት ላይ ተቀምጠው ስለ አዳራሹ ወንበር ይነጋገራሉ።

ሰርጉ ደረሰ። የዳቪድን አባት በተሽከርካሪ ወንበር አምጥተው ከፊት አስቀመጡት። ዳቪድ እንደ አይሁድ ሰርግ ልማድ ብርጭቆውን በእግሩ ሲሰብር ሽማግሌው እንደ ሕፃን አጨበጨበ። ጸሐይ ያን ባየች ጊዜ ልክ ነበርኩ አለች በልቧ። ከዚያ ከበሮው ሲመታ መሃል ገባች። ትከሻዋ እንዲህ ሲመታ አይተው አያውቁም። የሐረጊቱን ሞት የሚያውቁት ሴቶች ግን፣ አሰለች ከፊታቸው ሆና፣ እጃቸው ከጭብጨባው ላይ ወደቀ። አሰለች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ሽንት ቤት ሮጠች። «ምን ሆነች?» አለች ሳፒር። «በዛባት መሰለኝ ቢራው» አለች ጸሐይ፣ ትከሻዋን ሳታቋርጥ።

የሰርጉ ሳምንት አልቆ፣ ሳፒርና ዳቪድ ለቁርስ ተጠርተው ከዋዜማው ጀምረው በነበሩበት ዕለት፣ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የምኩራባቸው ትልቅ ሰው አባ ወንዳለ፣ ከኋላው ሽማግሌዎች፣ ደረጃው ላይ ነጠላ ያጣፉ ሴቶች። ጸሐይ በሌሊት ልብሷ ቆማ አየቻቸው። ስንት ጊዜ አብራ ወጥታለች በእንዲህ ያለ ደረጃ። ሴቶቹ ወዲያው በሁለት ወገን ክንዷን ሊይዙ ተጠጉ።

«ተቀመጪ ልጄ» አለ አባ ወንዳለ። «የእግዚአብሔር ሥራ ነው። እህትሽ ሐረጊቱ…»

ሁሉም ጩኸቷን ጠበቁ። አሰለች ገና ከወዲሁ ማልቀስ ጀምራለች። ጸሐይ ግን እንደ ቆመች ነበረች።

«አውቃለሁ አባቴ» አለች። «ከፔሳሕ በፊት ነው። ከምኩራብ ስትመለስ።»

አባ ወንዳለ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሴቶቹ ክንዷን ለቀቁ፤ ምኑን ይያዙ? ያን ጊዜ ጩኸቱ ከኩሽናው በር መጣ። ቢምረው ነበር። እዚያው ወለሉ ላይ ተደፍቶ፣ «ሐረጊትዬ! እናቴ! ሚስት የሰጠሽኝ እናቴ!» እያለ ራሱን ከበሩ ጋር ያጋጫል። ያን ሁሉ ወር ያመቀው ነው። ሽማግሌዎቹ ዞረው ለሚስት ያመጡትን ማጽናኛ ለባል ይሰጡ ጀመር። ጸሐይ ሄዳ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አላት በእንባው መሃል።

«ከጥዩሉ ቀን።»

«እስካሁን ዝም? ከኔ ጋር ሰላጣ እየበላሽ?»

«አንተስ?»

«እኔማ ወንድ ነኝ፣ ታዘዝኩ።»

«ውሸታም» አለችው። «እንዳንተ ያለ ውሸታም አላየሁም።» ራሱን ይዛ ደረቷ ላይ አደረገችው። የራሷም ድምፅ ያን ጊዜ ወጣ፤ ከታች ያሉት የሩስያ ሽማግሌዎች እንኳ ሰምተው መጡ።

ሳፒር ግን የክፍሉ በር ላይ በሌሊት ልብሷ ቆማለች። ዳቪድ ትከሻዋን ይዟል። ሰዉን በተራ በተራ አየች፤ አሰለችን፣ አባ ወንዳለን፣ አባቷን፣ እናቷን።

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» አለች።

አሰለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ሰርጌ ላይ እየጨፈራችሁ ሁላችሁም ለቅሶ ላይ ነበራችሁ?» ድምፅዋ ቀጭን ሆነ። «ዶዳ ከሞተች በኋላ ነው ‹ለዶዳ ላሳያት› ብዬ ፎቶ ስነሣ የነበረው? ኢማ፣ አንቺም? አንቺም እያወቅሽ ‹ፈገግ በይ› አልሽኝ?»

ጸሐይ ከወለሉ ቀና ብላ አየቻት። ስለ ዳቪድ አባት ልትነግራት አሰበች፤ ዳቪድ ግን እዚያው ቆሟል፣ እሱ እየሰማ እንዴት ይባላል? «ነይ ልጄ» አለቻት ብቻ፣ ከአጠገቧ ወለሉን መታ መታ አድርጋ። «ነይ ቁጭ በይ። አሁን ማልቀስ ይቻላል።»

ሳፒር ለረዥም ጊዜ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።